ነጻነት ለማን? የጆን ስቱዋርት ሚል ፈተና

በእኛ መካከል ስለ ግለሰብ ነጻነት ክርክር በተነሳ ቁጥር የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ስቱዋርት ሚል ስም መጠራቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው «ስለ ነጻነት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ መንግሥትም ሆነ ኅብረተሰብ አንድን ሰው በኃይል ሊያስገድደው የሚገባው ሌላውን እንዳይጎዳ ለመከላከል ብቻ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደራሲውን የገጠመውን ፈተና የሚያነሱ ግን እምብዛም ናቸው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና፣ ድልድይ የሚፈተነው ከባድ ጭነት ሲያልፍበት መሆኑን አውቃለሁ። የሚል ፍልስፍና ከባዱ ጭነት ያለፈበት በጃማይካ ጉዳይ ነው።

ጃማይካ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ባርነት በ1830ዎቹ ቢሻርም፣ ጥቁሩ ሕዝብ በድህነትና በመሬት እጦት ይማቅቅ ነበር። በፍርድ ወንበር የሚቀመጡትም በአብዛኛው ባለርስቶች ነበሩ። ኦክቶበር 11 ቀን 1865 የባፕቲስት ዲያቆን የነበረው ፖል ቦግል ብዙ መቶ ሰዎች አስከትሎ ወደ ሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ሄደ። ሚሊሻዎች ተኮሱ። ሕዝቡም ፍርድ ቤቱን አቃጥሎ 18 ያህል ባለሥልጣናትንና ሚሊሻዎችን ገደለ። አገረ ገዢው ኤድዋርድ ኤይር ወታደራዊ አዋጅ አወጀ። በኋላ የተላከው መርማሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው 439 ሰዎች ተገደሉ፣ 600 ያህል ተገረፉ፣ 1000 ያህል ቤቶች ተቃጠሉ።

ከተሰቀሉት አንዱ የኤይር ብርቱ ተቺ የነበረው የምክር ቤት አባል ጆርጅ ዊልያም ጎርደን ነው። አባቱ ነጭ ባለርስት፣ እናቱ ባሪያ ነበረች። ጎርደን የነበረው አዋጁ በማይሠራበት በኪንግስተን ከተማ ነው። ኤይር አሳስሮ በመርከብ አዋጁ ወደሚሠራበት ወደ ሞራንት ቤይ ወሰደው። ወታደራዊ ችሎት ፈረደበትና ኦክቶበር 23 ተሰቀለ።

የእንግሊዝ ምሁራን ለሁለት ተከፈሉ። ካርላይል፣ ዲከንስና ቴኒሰን «ደሴቲቱን ያዳነ ጀግና ነው» ብለው ከኤይር ጎን ቆሙ። ዳርዊንና ሃክስሊ የኤይርን ለፍርድ መቅረብ ደገፉ። የፓርላማ አባል የነበረው ሚል በ1866 የከሳሾቹን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መራ። ልብ በሉ፣ ሚል የድርጊትን መልካምነት በውጤቱ የሚመዝን ፈላስፋ ነበር። ጥያቄው ግን «ስንት ሰው ዳነ?» አልነበረም። ከሕግ ውጭ ሰው የገደለ ባለሥልጣን እንደማንኛውም ሰው በመደበኛ ፍርድ ቤት ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ገዢ አንድን ሰው ሕግ ካለበት ቦታ አንስቶ ሕግ ወደሌለበት መውሰድ ከቻለ፣ የማን ነጻነት ዋስትና አለው?

ሚል ተሸነፈ። በ1868 የክስ አጣሪው ሸንጎ ኤይር ለፍርድ እንዳይቀርብ ወሰነ። ለሚል የግድያ ዛቻ የያዙ ደብዳቤዎች ይጎርፉለት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ማለትም አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁበት ዓመት፣ የፓርላማ ወንበሩን በምርጫ አጣ።

ሚልን ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። ለ35 ዓመታት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። በዚያው በነጻነት መጽሐፉ ውስጥም ነጻነት «ላልሠለጠኑ» ሕዝቦች እንደማይሆን ጽፏል። የፍልስፍናው ስንጥቅ ይህ ነው። የኤይር ደጋፊዎችም ነጻነትን ከነአካቴው አልጠሉም። ለሚገባው ሰው ብቻ ይሁን አሉ እንጂ። «ለሚገባው» የምትለዋ ቃል አንዴ ከገባች፣ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው ባለ ጠመንጃው ነው። ሚል በመጽሐፉ የተወውን ቀዳዳ የደፈነው፣ ቢያንስ በከፊል፣ በጃማይካ ክስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተደጋግሞ ታውጇል። በእያንዳንዱ አዋጅ የታሰረው የእኛ ወገን ሲሆን ሰብዓዊ መብት እንላለን። የማንወደው ሲሆን ግን «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይሆናል። ሥነ ምግባር የምንወደውን እንድንመርጥ ሊፈቅድልን ይችላል። ፍትሕ ግን አይፈቅድልንም፤ የሚለካው ለምንጠላው ሰው በምንጠይቀው ዳኝነት ነውና።

ጎርደንና ቦግል በ1969 የጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖች ተብለዋል። ዛሬ የጃማይካ ፓርላማ የሚሰበሰብበት ሕንጻ የሚጠራው በጎርደን ስም ነው።

ቸር ይግጠመን።