ስንዴውና ስብከቱ

ሚሲዮናዊ ወንጌሉን ብቻ ይስበክ ወይስ ክሊኒክም ይክፈት? ክርክሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባለው፣ የውጭ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር ይችላል፤ ሃይማኖቱን መስበክ ግን አይችልም። ክፍት በተባለው ሁለቱም ተፈቀደ።

ከ28 ዓመት በኋላ ያው ነገር በሌላ በር መጣ። በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጄኔቫ ላለው የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ቅሬታዋ ግልጽ ነበር፦ የምዕራብ ለጋሾች ለልማት ሲሆን ኪሳቸውን ይፈታሉ፣ ለስብከት ሲሆን ያጥራቸዋል። ሰው ግን ሥጋና ነፍሱ አይነጣጠልም።

ልብ በሉ፤ መንግሥትም ለጋሽም ሐኪሙን ወደው ሰባኪውን ገሸሽ አደረጉት። የሚታከመውን ሰው ግን ማን ጠየቀው?

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያመነ ሰው የተራበን አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ይርዳ። እምነቱንም አይደብቅ። ስንዴው ግን የእምነት መግዣ አይሁን። በሽተኛው መድኃኒቱን ተቀብሎ ስብከቱን «አይ፣ ይቅርብኝ» ብሎ መሄድ ካልቻለ፣ ያ እርዳታም ወንጌልም አይደለም፤ ንግድ ነው።

ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ደብዳቤው ግን ዛሬም መልስ ይጠይቃል፤ ከሰጪውም፣ ከተቀባዩም።