የእንግሊዝ አገር የአካባቢ ቃላት ለውጥና የትምህርት ቤት ድርሻ

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን የኅትመት ሥራ ያቋቋመው ዊልያም ካክስተን በ1490 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ትርጉም መቅድም ላይ አንድ ታሪክ ይተርካል። ወደ ዜላንድ በመርከብ የሚጓዙ ነጋዴዎች ነፋስ ቢያጡ ወደ የብስ ይወርዳሉ። አንዱ ከአንዲት እመቤት ቤት ገብቶ «ኤግዝ»፥ ማለትም እንቁላል፥ ይጠይቃል። ሴትዮዋም ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላ ትመልስለታለች። ነጋዴው ይቆጣል፤ እርሱም ቢሆን ፈረንሳይኛ አያውቅምና። ሌላው «ኤይረን» ሲላት ግን ወዲያው ገባት።

«ኤይረን» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወረሰ የደቡብ ቃል ሲሆን፥ «ኤግ» ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ከሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የሰሜኑ ቃል ነው፤ የደቡቡ ጠፍቷል። ስለዚህ የአካባቢ ቃል የመደበኛው ቋንቋ ብልሹ መልክ ነው የሚለው የቆየ አስተያየት መሠረት የለውም። አንዱን ቃል መደበኛ፥ ሌላውን የገጠር የሚያደርገው የቃሉ ጠባይ ሳይሆን ንግድ፥ ኅትመትና የመንግሥት መቀመጫ ነው።

በ1870 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ ወጣ፤ በ1880 ደግሞ ትምህርት ግዴታ ሆነ። ምሁራኑ ትምህርት ቤትና ባቡር የአካባቢውን ንግግር ያጠፉታል ብለው ስለ ሰጉ በ1873 የእንግሊዝኛ ዘዬዎች ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩን ዓላማ ከፍጻሜ ያደረሰው ግን በዮርክሻየር በ1855 የተወለደው ጆዜፍ ራይት ነው። ራይት በሕፃንነቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ማንበብ የተማረው ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በኋላም የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ስድስት ቅጽ ያለውን የዘዬዎች መዝገበ ቃላት ከ1898 እስከ 1905 አሳተመ። መደበኛውን ትምህርት ዘግይቶ የቀሰመ ሰው የሕዝቡን ቃል ለመሰብሰብ የበለጠ የበቃ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከዚያም የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ኦርተንና የዙሪኩ ኦይገን ዲት ባቀዱት ጥናት፥ ከ1950 እስከ 1961 በ313 ቦታዎች ከ1,300 የሚበልጡ ጥያቄዎች ቀረቡ። የተጠየቁት በአብዛኛው የገጠር ሽማግሌዎች ነበሩ። ለምሳሌ የላም በረት በሰሜን «ባየር»፥ በላንካሻየር «ሺፐን»፥ በምዕራብ ዮርክሻየር «ሚስተል» ይባል ነበር። ገበሬው ወደ ከተማ ሲፈልስና ሥራው በመኪና ሲተካ እነዚህን ቃላት የሚናገራቸው ሰው አነሰ። በከተማ ቤቶች መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ ግን ስላልጠፋ «ጊነል» እና «ስኒከት» የሚሉት ስሞች በሰሜን እስከ ዛሬ ይነገራሉ።

በ2016 በስልክ መተግበሪያ የተካሄደ የካምብሪጅ ጥናት ከ30,000 በላይ ሰዎችን አሳትፎ ነበር። ለመጸው ወራት ያገለግል የነበረው «ባክኤንድ» የሚለው ቃል ከሞላ ጎደል መጥፋቱን አሳየ። ለእንጨት ስንጣሪ «ስፔልክ» የሚለው ግን በሰሜን ምሥራቅ ጸንቷል። እርግጥ የመጀመሪያው ጥናት ሽማግሌዎችን፥ ሁለተኛው ስልክ የያዘውን ሁሉ ስለ ጠየቀ፥ ልዩነቱ ከእውነቱ በመጠኑ የሰፋ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ከ1948 ወዲህ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት በለንደን አዲስ የአካባቢ ንግግር ተወልዷል፤ «ቤር» የሚለው ቃል በወጣቶቹ ዘንድ «ብዙ» ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶች በዚህ ሁሉ ውስጥ አቋማቸው አንድ አልነበረም። የ1921ዱ የኒውቦልት ሪፖርት መደበኛውን አነጋገር ማስተማርን አጥብቆ ሲያሳስብ፥ የ1975ቱ የቡሎክ ሪፖርት ልጅ የቤቱን ቋንቋ ከደጅ ጥሎ እንዲገባ አይጠበቅበትም የሚል መንፈስ ነበረው። ሆኖም በ2013 በሰሜን ምሥራቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች እንዳይናገሯቸው የሚፈልጋቸውን ቃላት ዘርዝሮ ለወላጆች ላከ። ከእነርሱም አንዱ «ዩዝ» ነበር። መደበኛው እንግሊዝኛ «ዛው» የሚለውን የነጠላ ተውላጠ ስም ከተወ ወዲህ አንድ ሰውንም ብዙ ሰውንም «ዩ» ይላል፤ «ዩዝ» ግን፥ «አንተ» ን ከ«እናንተ» ለይቶ የሚናገር መምህር እንደሚረዳው፥ የጠፋውን ልዩነት የሚመልስ ቃል ነው።