ልጅ አድራሹ

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ገብቶ «ፔዳ» ያለ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠየቅም። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢጠቃለልም፣ ስሙ ከወገቡ ተቆርጦ የግቢው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የማስተማርን ጥበብ እንግሊዝኛ ፔዳጎጂ ይለዋል፤ ቃሉ ግን የጥንት ግሪኮች ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ፓይዳጎጎስ፣ ማለትም ልጅ አድራሽ፣ መምህር አልነበረም። ባሪያ ነበር።

በአቴንስ ፊደል የሚያስቆጥረው ሰው ዲዳስካሎስ ይባላል። ፓይዳጎጎስ ወንዱን ልጅ ማለዳ ከቤት ይዞ የሚወጣ፣ ዕቃውን የሚሸከምለት፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠብቆ የሚመልሰው የቤት አገልጋይ ነው። መንገድ ላይ ማን እንዳነጋገረው ያያል፤ አረማመዱንና አበላሉን ያርማል፤ ሲያጠፋም ይቀጣዋል። በርሊን ውስጥ የሚገኝ፣ ዱሪስ የተባለ ሠዓሊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የሣለው የሸክላ ጽዋ አለ። አንዱ ልጅ ክራር መሰል መሣሪያ ይማራል፤ ሌላው መምህሩ ፊት ቆሟል፤ ዳር ላይ አንድ ጺማም ሰው በትሩን ይዞ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ብዙ አጥኚዎች ፓይዳጎጎሱ እሱ ነው ይላሉ።

ለዚህ ሥራ ሁሌ የተሻለው ሰው አይመረጥም ነበር። ጉልበት ያለው ወደ እርሻና ወደ መርከብ ይሄዳል፤ ልጅ የሚሰጠው ለተረፈው ነው። ታላቁ የአቴንስ መሪ ፔሪክሊስ እንኳ በሞግዚትነት ያሳድገው ለነበረው ለአልኪቢያዲስ የመደበለት ዞፒሮስ የሚባል፣ በእርጅና ምክንያት ለሌላ ሥራ የማይሆን የትራቂያ ሰው ነበር።

ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳፍርም መሆኑን ከሁሉ በፊት ያየው ሶቅራጥስ ይመስለኛል። ፕላቶ «ሊሲስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ከአንድ የባለጸጋ ልጅ ጋር ያነጋግረዋል። ወላጆችህ የአባትህን ሠረገላ እንድትነዳ ይፈቅዱልሃል? አይፈቅዱም፤ የተቀጠረ ነጂ አለ። የበቅሎዎቹንስ ጅራፍ? እሱም የአገልጋይ ነው። ራስህንስ የምታዘው አንተ ነህ? የለም፤ ፓይዳጎጎሱ ነው። ባሪያ ነው? አዎ፣ የኛው። ነፃ ሰው በባሪያ መታዘዙ ያስደንቃል ይላል ሶቅራጥስ። ጨዋታው ወዳጅነት ምንድን ነው ወደሚል ጥልቅ ጥያቄ ይገባና ሊቋጭ ሲል ፓይዳጎጎሶቹ ይደርሳሉ። የበዓል ቀን ስለሆነ ቀማምሰዋል፤ በተሰባበረ ግሪክኛ ልጆቹን ወደ ቤት ኑ ይላሉ። እነ ሶቅራጥስ ሊያባርሯቸው ቢሞክሩም አልሰሙም። ጉባኤው ተበተነ፤ ወዳጅነትም ሳይፈታ ቀረ።

ሮማውያን ልማዱን ወረሱ። የንግግር ጥበብ መምህሩ ኩዊንቲሊያን፣ ከፊደል ትንሽ ዘለቅ ብለው ራሳቸውን ሊቅ የሚያደርጉ ፓይዳጎጎሶች አስመርረውታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ኦሪት ወደ ክርስቶስ የምታደርስ ፓይዳጎጎስ ናት ማለቱ በዚያ ዘመን ለሰሚው ግልጽ ነበር፤ ልጁ ሲያድግ የአድራሹ ሥልጣን ያበቃል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «ሞግዚት» ይላል፤ መምህር ብሎ ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ይጠፋ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣውን የኋላውን ቄሳር ዩልያኖስን የሆሜርን ግጥም እያስነበበ ያሳደገው ማርዶኒዮስ የተባለ ጃንደረባ ነበር፤ ቀድሞ እናቱንም ያስተማረ እሱ ነው። እዚህ ላይ በአድራሹና በመምህሩ መካከል ያለው ድንበር ጠፍቷል።

ከሁሉም ግን የሲኪኖስን ያህል ዕድል የገጠመው የለም። የአቴንሱ አዛዥ የቴሚስቶክሊስ ልጆች ፓይዳጎጎስ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርስ ንጉሥ ዘርክሲስ መርከቦች ሰላሚስ ደሴት አጠገብ ሲሰለፉ፣ ግሪኮች እርስ በርስ ተጣልተው ሊበተኑ ደርሰው ነበር። ቴሚስቶክሊስ በምሥጢር ወደ ጠላት ሰፈር የላከው ሲኪኖስን ነው። እሱም ለፋርስ አዛዦች ግሪኮች ሊሸሹ ነው፣ ጌታዬም የእናንተ ወገን ነው አላቸው። ፋርሶች አምነው በሌሊት መውጫውን ዘጉ፤ ግሪኮችም ወደዱም ጠሉም ተዋጉ፤ በጠባቡ ባሕር የፋርስ መርከቦች ድል ሆኑ።

የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ የቴስፒያ ከተማ አዳዲስ ዜጎችን ስትቀበል ቴሚስቶክሊስ ሲኪኖስን የዚያ ዜጋ አደረገው፤ ሀብትም ሰጠው። ጌታው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገዛ ወገኖቹ ድምፅ ከአቴንስ ተባሮ፣ በመጨረሻ በዘርክሲስ ልጅ ጥላ ሥር፣ በማግኔዥያ ሞተ።