ያልተጠበቀችው አሸናፊና ካትሌሆንግ

እንዳልዋሽ፣ ያን ሌሊት ያሸንፋል ብዬ የገመትኩት ዴቪዶን ነበር። መሐንዲስ ነኝና ስሌቴ ሲከሽፍ አልወድም፤ በሽልማት ምሽት ሲሆን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024 ግራሚ ለአፍሪካ ሙዚቃ በከፈተው አዲስ ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም፣ ከአምስቱ ዕጩ ዘፈኖች አራቱ የናይጄሪያውያን ነበሩ። አምስተኛዋ ዕጩ፣ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ያደገችው የ22 ዓመቷ ታይላ፣ «ዋተር» በተሰኘ ዘፈኗ ቀደመቻቸው!

ብዙዎቻችን ተገረምን። ዕጩዎቹን መለስ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሳኬና የኦላሚዴ ዘፈን ርእሱ ራሱ «አማፒያኖ» ነበር፤ ዴቪዶም ደቡብ አፍሪካዊውን ሙሳ ኪይስን አጅቦ የቀረበው በዚሁ ስልት ነው። አማፒያኖ በዙሉ ቋንቋ «ፒያኖዎች» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ኤም.ኤፍ.አር. ሶውልስ የተባሉ ሁለት የካትሌሆንግ ልጆች እንደሆኑ ይነገራል። (ሶዌቶና ፕሪቶሪያም «ሙዚቃው የእኛ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።)

ካትሌሆንግ አፓርታይድ በይፋ ከመታወጁ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1945፣ ለጥቁሮች የተቆረቆረች ሰፈር ናት። ከ1990 እስከ 1994 የኤ.ኤን.ሲ.ና የኢንካታ ደጋፊዎች እርስ በርስ ሲተላለቁ ደም ከፈሰሰባቸው ሰፈሮች አንዷ እሷ ነበረች። ልብ በሉ፤ በዚያው እሳት መሐል፣ በ1992፣ ፓንትሱላ የሚጨፍረው «ቪያ ካትሌሆንግ» ቡድን ተመሠረተ። አማፒያኖም ሲነሳ ትልልቅ ራዲዮኖችን አልጠበቀም፤ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከታክሲ ወደ ታክሲ እየዞረ ነው ያደገው። ያስገረመን እንግዲህ ዳኞቹ እስኪሰሙት ያለፈው ጊዜ መሆን ነበረበት።

እዚያ ሱቅ ያለው አንድ የሆሳዕና ልጅ ወዳጄ ነው። በ2008 መጤ በተባሉት ላይ ዘመቻ ሲነሳ ሱቁ ተዘርፎ ነበር። በማግስቱ ደወልኩለት።

«ሌሊት ጩኸት ሰማሁና ተነስቼ ቁልፉን አየሁ» አለኝ። «ቆይቶ ነው የደስታ መሆኑ የገባኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔም ዘፈኑን ከፈትኩ። በሩን ግን አልከፈትኩም።»