ከብሎን ፋብሪካ ወደ ከንቲባ ወንበር

ከሚሴን አቋርጬ ወደ ደሴ በተጓዝሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ በንግድ የከበረ ሰው ለከተማው ምን ዕዳ አለበት? የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሁሉ ይህ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነጋዴ እንዳልቸገረው ያውቃል።

መልሱን ፍለጋ ወደ እንግሊዟ በርሚንግሃም ልሻገር። ጆሴፍ ቻምበርሌይን እ.ኤ.አ. በ1854፣ በ18 ዓመቱ፣ ወደ ብሎን ፋብሪካ ገባ፤ በ1874 ባለጸጋ ሆኖ ንግዱን ተወ። ከ1873 እስከ 1876 በከንቲባነት የጋዝና የውኃ ኩባንያዎችን ለከተማው እንዲገዙ አደረገ። የጋዙን ትርፍ ለከተማው ጥቅም አዋለው። ውኃን ግን ማትረፊያ ሊያደርገው አልፈቀደም፤ የሕዝብ ጤና ነውና።

ይህን ያልሁት ሰውየውን ላወድስ አይደለም። በ1895 የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር የሆነው ይኸው ቻምበርሌይን በ1899 ለፈነዳው የቦር ጦርነት ዋና ተጠያቂ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለበርሚንግሃም ድኻ የራራ ልብ ለአፍሪካ ሲሆን ጨከነ።

ስለዚህ ትምህርቱ ከግለሰቡ ይልቅ ከሥርዓቱ ይቀዳል። ከንቲባውን የመረጠው፣ ዕቅዱንም መርምሮ ያጸደቀው የከተማው ምክር ቤት ነበር። ባለጸጋ የውኃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር ምስጋና ይገባዋል። ነዋሪው ሊጠይቀውና ሊሽረው የሚችለው አስተዳደር ከሌለ ግን ውኃው መብት መሆኑ ቀርቶ ችሮታ ሆኖ ይቀራል።