ስለ ካርቡሬተር ታሪክና በዱመርሶ ዳገት ስላየነው ነገር

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፤ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ከተሞች ታሪክ ጽፈዋል። እኛ ግን ከጭብጥ ስለማትበልጥ አንዲት የብረት ዕቃ ለመጻፍ ተስማማን። እርስዋም ካርቡሬተር የምትባለው የሞተር ብስክሌት ክፍል ናት። አንዳንዶቹ «ይህ ደግሞ ታሪክ ይባላልን?» ብለው ሳቁብን። ባለፈው ክረምት በዱመርሶ ያየነውን ባናይ ኖሮ እኛም አብረናቸው በሳቅን ነበር።

ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አካባቢ የምትገኝ፤ በቡናዋ ስሟ ባሕር ተሻግሮ የሚጠራ ሥፍራ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ አሮጌ የጃፓን ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጣ። ከኋላው የክትባት መድኃኒት የያዘ ሣጥን ታስሯል። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ቆይቶ ጠፍቶበታል። በሣጥኑ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ወደ ደጋው መድረስ ነበረበት፤ መድኃኒቱ ከሞቀ ዋጋ የለውምና። በማግስቱ ማለዳ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሊጠብቁት ተቀጣጥረዋል።

በመንገዱ ዳር፤ በእንሰት ተክል ጥግ፤ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጆች፤ ይህ ሞተር አልታመመም፤ አየር አጥሮት ነው» አሉን። ከእኛም አንዱ «ጋሼ፤ ይህን ያህል አየር በሞላበት ሜዳ እንዴት አየር ያጥረዋል?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ካንዴላውን ፈተው አሳዩን። እንደ ምጣድ ቂጥ በጥላሸት ጠቁሯል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የጋሼን ነገር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ ሳለ በሞተር ውስጥ በደንብ አይነድም፤ በንኖ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ ጥላሸትና ጭስ ይሆናል፤ አየሩ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ካርቡሬተር የተፈጠረችው ይህን ልክ እንድትጠብቅ ነው።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ካንሽታት በተባለች ከተማ ከእንጨት የተሠራ የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት አቆሙ። በዚያ ዘመን የነበረው ካርቡሬተር አየር በቤንዚን ላይ እያለፈ ትነቱን እንዲወስድ የሚያደርግ ዕቃ ብቻ ነበር። ትነቱ በብርድ ቀን ያንሳል፤ በሙቀት ቀን ይበዛል፤ ስለዚህ የሞተሩ ጠባይ እንደ አየሩ ጠባይ ይለዋወጥ ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ ቤርታ ቤንዝ በእኛ ዕድሜ የነበሩትን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ለባላቸው ሳይነግሩ፤ ባለሦስት እግሩን መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱት። (በዲላ ከተማ የምናየው ባጃጅ በእግር ቁጥር የዚህ መኪና ዘመድ ነው።) ነዳጅ የገዙት ከመድኃኒት ቤት ነበር። የቤንዚን ማስተላለፊያው ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣቸው መርፌ ጠረጉት፤ ዳገት ሲገጥማቸውም ልጆቹ ከኋላ ገፉ። ስለ መኪና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የአባቶች ስም ብቻ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከመንገድ ላይ መካኒኮች ሁሉ ቀዳሚዋ እኚህ ሴት ናቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ በቡዳፔስት፤ ማይባኽም በበኩሉ፤ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ አሳልፎ በአየር ላይ የሚረጭ ካርቡሬተር አወጡ። ዘዴው በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ከሥር ተስቦ እንደ ሽቶ ይረጫል። የቤንዚኑን ልክ የምትወስነው በናስ የተሠራች፤ መካከሏ የተበሳ ትንሽ ቡሎን ናት። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች አማል፤ ጣልያኖች ዴሎርቶ፤ ጃፓኖችም ሚኩኒ የሚባሉትን ካርቡሬተሮች እየሠሩ ለዓለም ሸጡ። እንደ 1959ኙ ትራየምፍ ቦንቪል ባሉት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለት ካርቡሬተር ይገጠም ነበር፤ ሁለቱም እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ ያነክሳል። መካኒኮች የጎማ ቱቦ በጆሯቸው ይዘው የአንዱን እስትንፋስ ከሌላው ጋር ያመዛዝኑ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዓፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። ያ ሞተር ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ እየሳሳ የሚሄድ አየር ይጠብቀው ነበር። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣልያን ጦር ካሚዮኖቹንና ሞተር ብስክሌቶቹን ይዞ መጣ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃሎቹ ግን በጋራዥ ቀሩ። ካንዴላ፤ ፍሪሲዮን፤ ካምቢዮ፤ ፊልትሮ፤ ካቻቢቴ የምንለው ሁሉ የጣልያን ቋንቋ ነው። ከጦርነቱም በኋላ በአገራችን የቀሩ ጣልያናውያን ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፤ የኢትዮጵያ ልጆች ቡሎን እያቀበሉ ሙያውን በዓይናቸው ቀሰሙ። ዛሬ በዱመርሶ የሚሠሩት ጋሼ ጣልያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቁም፤ የሞተሩን ዝቅተኛ ዙር ግን «ሚኒሞ» ይሉታል። ይህን ቃል ከማን እንደ ሰሙት ስንጠይቃቸው «ከጌታዬ» አሉን፤ ጌታቸውም ከሌላ ጌታ ሰምቶ ኖሯል።

እንግዲህ አየር የማጠሩ ነገር ይህ ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከእርሷ ወደ ምሥራቅ የምትገኘው ቡሌ ግን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ዱመርሶ በሁለቱ ከፍታ መካከል ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በቡሌ ከፍታ አንድ ጣሳ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ ጣሳ ሩብ ያህል ክብደት ይጐድለዋል። በናሷ ቡሎን የሚያልፈው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ በጃፓን ጠረፍ ተለክቶ የመጣ ካርቡሬተር በእኛ ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁሩ ጭስ፤ የጠቆረው ካንዴላና የጠፋው ጉልበት የመጡት ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ሞተር ችግር ከፍታው ብቻ አልነበረም። ጋሼ ካርቡሬተሯን ፈትተው የናሷን ቡሎን ወደ ሰማይ አንሥተው ተመለከቱና ፊታቸው ተለወጠ። ከዚህ ቀደም በሌላ ከተማ የነካት ሰው ስትደፈንበት በሽቦ ጐርጉሯት ቀዳዳዋን አስፍቷታል። በላይዋ 110 የሚል ቁጥር አለ፤ ቀዳዳዋ ግን ቁጥሩን አልፏል። «ይህች የሚነፋባት አየር ነው እንጂ ሽቦ አይደለም» አሉ። የወይዘሮ ቤርታ መርፌ ትዝ ቢለንም ዝም አልን፤ እርሳቸው የጠረጉት ቧንቧ ነበርና።

ከዚያም ከክብሪት ቤት ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያላትን ሌላ ቡሎን አውጥተው አስገቡ። ማጣሪያውን አጽድተው፤ አዲስ ካንዴላ አስረው ሞተሩን አስነሡና እስኪሞቅ ጠበቁ። ቀጥሎ ለሚኒሞ የምታገለግለውን የአየር ቪቴ እስክትቆም ድረስ በቀስታ ዘጉ፤ አንድ ዙር ተኩልም መልሰው ፈቱ። (ይህች ቪቴ ከአየር ማጣሪያው ወገን ያለችው ናት፤ ከሞተሩ ወገን ያለች ከሆነ ቤንዚን ስለምትቆጣጠር ነገሩ ይገለበጣል።) ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት እየፈቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ፤ ሁለት ዙር አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ መዋዠቅ ጀመረ፤ ያን ጊዜ ትንሽ መለሱና ተዉት። እኛ የሰዓት ዘንግ ቢሰጠን ያን ልክ አናገኘውም ነበር።

ሠራተኛውን ዳገቱን በሙሉ ጉልበት ወጥቶ እንዲመለስ አዘዙት። ሲመለስ ካንዴላውን ፈተው አሳዩን፤ ቀለሙ ገና መቅላት የጀመረ የተቆላ ቡና መስሏል። ነጭ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን አንሷል ማለት ነበር።

በዚህ ጊዜ ከእኛ አንዱ «ጋሼ፤ እንግዲያስ ሁሉንም ሞተር በትንሿ ቡሎን ለምን አያደርጉትም? ቤንዚንም ይቈጠባል» አላቸው። ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለደጋ የተስተካከለው ሞተር ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ቢወርድ ወፍራም አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑ ግን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ግሎ ፒስቶኑ ሊቃጠል ይችላል። ለቡሌና ለአባያ እኩል የምትስማማ አንዲት ቀዳዳ የለችም፤ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውልበትን ቦታ ተጠይቆ መምረጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሙያ ዘመኑ እያለፈ መሆኑን አንክድም። ህንድ ከ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ባጠበቀችው የጭስ ሕግ ምክንያት በዚያ አገር የሚሸጡት አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ካርቡሬተርን ትተው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ቤንዚን የሚረጩ ሆነዋል፤ እነዚህም የአየሩን ክብደት ራሳቸው ይለካሉ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። እኛ አዲሱን አንጠላም። ሆኖም የጌዴኦን ዳገት የሚወጡት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ናቸው፤ ጋሼ ግን በዚያ ቀን አጠገባቸው ደቀ መዝሙር አልነበራቸውም። ልጃቸው የስልክ ጥገና እንደሚማር ነገሩን።

ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሣጥኑን ከፈት አድርጎ አየ፤ በረዶው ገና ነበረ። ዋጋውን ሲጠይቅ ጋሼ የካንዴላውንና የቡሎኗን ብቻ ተቀበሉ። የተበላሸችውንም የናስ ቡሎን ማንም እንዳይጠቀምባት በመዶሻ ቀጠቀጧት። ከዚያም ከክብሪት ቤቱ ጤነኛ 110 ፈልገው በወረቀት ጠቀለሉና በኪሱ አስቀመጡለት፤ «ወደ ቆላ የተዛወርህ ዕለት ይህችን አስገባ» አሉት።