ከተማዋን ያስቀራት ዛፍ

አዲስ አበባን ማን ቆረቆራት ሲባል መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ። እኔ ከእንጦጦ ግርጌ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝና ሌላ ጥያቄ ይቀድመኛል፦ ተቆርቁራስ እዚያው ምን አስቀራት?

የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት የጦር ሰፈር ነው፤ ዙሪያው ያለው ጫካ ሲያልቅ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። አዲስ አበባም ለዚያው ዕጣ ተቃርባ ነበር። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተመርተው ከነሎሌያቸው ሰፈሩ። ያ ሁሉ ሰው እንጀራ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ቤት ይማግራል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ደግሞ ክረምቱን ያለ እሳት ማደር አይታሰብም። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ተመናመነ፤ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። አፄ ምኒልክም በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ያዙ። ዋና ከተማነቱ ሳይሆን ቀረና ሕንፃው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። ማን አስመጣው የሚለው ያከራክራል፤ ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ ስሙ ደጋግሞ ይነሳል። ለእኔ ትልቁ ነገር ጠባዩ ነው። ጽድ ከተቆረጠ ጉቶው ይደርቃል፤ ባህር ዛፍ ግን ከጉቶው አቆጥቁጦ በጥቂት ዓመት አጣና ይወጣዋል።

እናቴ ከዚህ ዛፍ የምትጥለው አልነበራትም። ደረቅ ቅጠሉ ቦግ ብሎ ምጣዱን ያሰማል፤ ጭራሮው ወጥ ያበስላል፤ የቤታችን ግድግዳም ጭቃ የተመረገ አጣና ነበር። (ፎቅ ሲሠራም ግንበኛው ሲቆምበት የኖረው መወጣጫ ይኸው አጣና ነው።) ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኋላ የሚታየው ሸክሙና እግራቸው ብቻ ነው። ስለ ከተማዋ ታሪክ ሲጻፍ እነሱን የሚያነሳ ብዙ አላየሁም፤ ይከነክነኛል።

ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም የሚሉት ተቺዎቹ እውነት አላቸው፤ ጽድና ኮሶ መልሶ መትከሉም ደግ ነው። ጨርሰን እንንቀለው ሲሉ ግን አልስማማም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈራችን እንጀራ የሚጋገረው በዚሁ ቅጠል ነው።